ጁላይ 24 የማን ቀን ነው? በዩታ የሰፋሪዎች በዓል ላይ የተደረገ ክርክር

በአሜሪካ የዩታ ግዛት በየዓመቱ ጁላይ 24 (በእኛ ሐምሌ 17) የቀደምት ሰፋሪዎች ቀን ይከበራል። የሞርሞን እምነት መሪ ብሪገም ያንግ በ1847 ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ የገባበት ዕለት ነው። የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ስለሚዘጉ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ የሄደ ሰው በሩን ዝግ ያገኘዋል፤ የፌዴራል ፖስታ ቤት ግን እንደወትሮው ይሠራል፤ የግል አሠሪም ዕረፍት የመስጠት ግዴታ የለበትም። ጥያቄው ይህ ነው፦ በዓሉ እንዳለ ይቀጥል ወይስ ይለወጥ? ሁለት ጸሐፊዎች ተቃራኒ ወገን ይዘው ተከራክረዋል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይቀጥል ባይ፦

በዓል የሚመዘነው በሚያስታውሰው ሥራ ነው፤ የጁላይ 24 ሥራ ደግሞ ተቆጥሮ የሚታወቅ ነው። በኤፕሪል 1847 ከሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ ዊንተር ኳርተርስ ከሚባለው ሰፈር የተነሳው የመጀመሪያው ጓድ 143 ወንዶች፣ 3 ሴቶችና 2 ልጆች ነበሩበት። ከሰባ በላይ ሠረገላ፣ በሬ፣ ፈረስ፣ በቅሎና ላም ይዘዋል። መንገዱ 1,031 ማይል ነው፤ ወደ 1,660 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር የግምት አይደለም። ዊሊያም ክሌይተን የተባለው የጉዞው ጸሐፊ በአንድ ሠረገላ መንኮራኩር ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ጨርቁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቀኑን ሙሉ እየቆጠረ ይሄድ ነበር። የመንኮራኩሩ ዙሪያ 14 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሆነ 360 ዙር ልክ አንድ ማይል ይሞላል። ሥራው አሰልቺ ሲሆንበት ኦርሰን ፕራት የነደፈውና አፕልተን ሃርመን ከእንጨት የጠረበው ጥርስ ያለው ቆጣሪ ተገጠመለት። ክሌይተን በዚህ ልኬት ተመሥርቶ በ1848 የመንገድ መመሪያ አሳተመ። ከኋላ የመጣ ቤተሰብ ከብቶቹን የት እንደሚያጠጣና የት እንደሚያሳድር አስቀድሞ አውቆ ተነሳ። ይህ ለተከታይ መንገድ ማበጀት ነው፣ በዓሉም የሚያከብረው ይህንኑ ነው።

ሸለቆው ሲደረስም ሥራው በዘፈቀደ አልተጀመረም። ጁላይ 23 ማረሻ ሲያስገቡ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ማረሻ ሰበረ። ሲቲ ክሪክ የሚባለውን ጅረት ጠልፈው መሬቱን አራሱት፤ ከዚያ ታረሰ፣ ድንች ተተከለ። በሐምሌ ማለቂያ የተተከለ ድንች ውርጭ ሳይቀድመው አድጎ እንደማይደርስ የሚያርስ ሰው ያውቀዋል። የወጣው ድንች በጣም ትንሽ ነበር፤ አልተበላም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ተቀመጠ። ከዚያ ከተማው ተቀየሰ። እያንዳንዱ ብሎክ 10 ኤከር (4 ሄክታር ያህል)፣ በየብሎኩ 1.25 ኤከር የሆኑ ስምንት ቦታዎች፣ መንገዱ 132 ጫማ፣ ማለትም 40 ሜትር ስፋት። ብዙ በሬ የተጠመደበት ሠረገላ ወደ ኋላ ሳይል እንዲዞር ታስቦ ነው። ዛሬ በሶልት ሌክ መኪና የሚነዳ ሁሉ በዚያ ቅያስ ላይ ነው የሚነዳው።

በ1849 ደግሞ ተዘዋዋሪ የጉዞ ፈንድ ተቋቋመ። ድሃው ተበድሮ ይመጣል፣ ሠርቶ ይከፍላል፣ የከፈለው ሌላውን ያመጣል። በሜይ 1869 አገር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ በዩታ፣ ፕሮሞንተሪ ላይ እስኪገጥም ድረስ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው በእግርና በሠረገላ መጣ። ይህን ሁሉ የያዘን ቀን ምን ጎደለውና ይለወጥ?

ይለወጥ ባይ፦

ወንድሜ፣ ቁጥሮችዎን አልነካም። የምከራከርዎት በዕለቱ ነው፤ የዘረዘሩት ሥራ ጁላይ 24 ላይ የተሠራ አይደለምና። ኦርሰን ፕራትና ኢራስተስ ስኖው ሸለቆውን የረገጡት ጁላይ 21 ነው። አብዛኛው ጓድ የገባው በ22 ነው። ጅረቱ የተጠለፈውና መሬቱ የታረሰው፣ ራስዎ እንደጻፉት፣ በ23 ነው። በ24 የሆነው ነገር ቢኖር በትኩሳት ታሞ ኋላ የቀረው መሪ በዊልፎርድ ውድረፍ ሠረገላ ተጋድሞ መድረሱ ነው። በዓሉ አለቃው የደረሰበትን ቀን ይዞ ሠራተኛው የደረሰበትን ጥሏል።

በ22 ከገቡት መካከል ግሪን ፍሌክ፣ ሃርክ ዌልስና ኦስካር ስሚዝ ነበሩ። ሦስቱም ጥቁሮች፣ ሦስቱም ባሪያዎች ነበሩ። የተላኩት ለጌቶቻቸው ቤተሰብ ቀድመው ቤት እንዲሠሩና እህል እንዲዘሩ ነው። የደረሱበትን መንገድ ቀረብ ብለው ይዩት። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1846፣ የዶነር ጓድ የሚባሉት መንገደኞች በዚሁ ሸለቆ አልፈዋል። ወደ ሸለቆው የሚያስገባው ጠባብ የተራራ መተላለፊያ፣ የኤሚግሬሽን ካንየን፣ አፍ ላይ ሲደርሱ ቁጥቋጦና ቋጥኝ ዘጋቸው። መመንጠሩ ሰልችቷቸው ስለነበር ጎን ያለውን ቀጥ ያለ ኮረብታ ለመውጣት ወሰኑ፤ አንድ ሠረገላ ለማውጣት ያላቸውን በሬ ሁሉ ለማለት ይቻላል መጥመድ ነበረባቸው። በሬዎቹ ተሰበሩ፣ ቀኑም ባከነ፤ በኋላ ሴራ ኔቫዳ ላይ በረዶ የያዛቸው በዚህና በመሰሉ መዘግየቶች ነው። በ1847 የመጣው ጓድ ግን ኮረብታውን ትቶ ቁጥቋጦውን መነጠረ፤ አራት ሰዓት ያህል ፈጀበት። የዚያ ቀን ጀግና መጥረቢያ የያዘው ሰው ነው። ከነዚያ ሰዎች ሦስቱ የራሳቸው ጉልበት እንኳ የራሳቸው ያልሆነ ነበሩ።

ታዲያ በመሃል ከተማው የብሪገም ያንግ ሐውልት ላይ ስማቸው ከሌላው ተለይቶ «ባለቀለም አገልጋዮች» በሚል ምድብ ተቀርጿል፤ ሃርክና ኦስካርም በጌቶቻቸው የቤተሰብ ስም ነው የተጻፉት። የግዛቱ ምክር ቤት በ1852 ባርነትን በሕግ ደነገገ። እስከ 1862 ድረስ በሕግ ጸንቶ ቆየ፤ ያስቀረውም የአካባቢው ሰው ሳይሆን እንደ ዩታ ገና የኅብረቱ ሙሉ አባል ባልሆኑ ግዛቶች ሁሉ ባርነትን የከለከለው የአሜሪካ ኮንግረስ ነው።

ይቀጥል ባይ፦

እህቴ፣ ስለ ሦስቱ ሰዎች ያሉት እውነት ነው፤ በሚገባ መነገር አለበት። ግን በዓሉ እንዳለ ሆኖ እየተነገረ ነው። በጁላይ 2022 በሶልት ሌክ ምሥራቅ፣ በካንየኑ አፍ ባለው የቅርስ መናፈሻ ለሦስቱና በሴፕቴምበር 1847 ለገባችው ነጻ ጥቁር ሴት ለጄን ማኒንግ ጄምስ ሐውልት ቆመላቸው። የተመረቀበትም ቀን ጁላይ 22 ነው፤ እርስዎ የሚሟገቱለት ዕለት። በዓሉ ባይኖር በዚያ ሳምንት ማን ያስታውሳቸው ነበር?

ዕለቱን በተመለከተ፣ 24ን የመረጡት ራሳቸው መጥረቢያ የያዙት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው በዓል በ1849 ሲከበር አብዛኞቹ በሕይወት ነበሩ፤ በደወልና በመድፍ፣ በሰልፍና በግብዣ አከበሩት። ከ170 ዓመት በኋላ መጥተን ቀናችሁን ተሳስታችኋል ልንላቸው አይገባም።

ለሌሎቹም ቀን አላቸው። ዩታ በ2022 ጁንቲንዝን፣ በ1865 ቴክሳስ ላይ የባሪያዎች ነጻነት የታወጀበትን የጁን 19 መታሰቢያ፣ የግዛት በዓል አድርጋለች። ኮንግረሱ በእነዚያ ግዛቶች ባርነትን የከለከለበት ሕግ የተፈረመው ጁን 19፣ 1862 ስለሆነ ዕለቱ ለዩታ ጥቁሮች ከቴክሳሱ ታሪክ ሌላ የራሱ ምክንያት አለው። ለነባር ሕዝቦችም በኖቬምበር፣ ከምስጋና ቀን በፊት ባለው ሰኞ፣ የመታሰቢያ ቀን በሕግ ተቀምጧል። በሊበርቲ ፓርክም በጁላይ 24 ሰሞን የነባር ሕዝቦች የጭፈራ በዓል ይደረጋል። አንድ ቀን ሁሉንም ልያዝ ካለ ማንንም አይዝም። ይህችን ቀን በዓለም ላይ የሚያከብራት ዩታ ብቻ አይደለችም፤ የደቡብ አሜሪካ ነጻ አውጪ ሲሞን ቦሊቫር በ1783 ካራካስ የተወለደው ጁላይ 24 ነውና ቬኔዙዌላም ታከብረዋለች። ቬኔዙዌላውያን የቦሊቫርን ልደት የሁሉም ቀን እናድርገው አላሉም።

ይለወጥ ባይ፦

ቬኔዙዌላን ስላነሱ አመሰግናለሁ። ያችው አገር በ2002 ኦክቶበር 12ን፣ ኮሎምበስ የደረሰበትን ቀን፣ የነባር ሕዝቦች ተጋድሎ ቀን ብላ ቀይራዋለች። የነጻ አውጪውን ልደት ይዛ የደራሹን ቀን ለወጠች። ዩታ የምታከብረው ከሁለቱ የቱን ይመስላል?

በዚሁ ዕለት የሆነ ሌላ ነገር ልጨምር። ጁላይ 24፣ 1911 አሜሪካዊው አሳሽ ሃይረም ቢንግሃም በፔሩ ያለውን ጥንታዊ የኢንካዎች ከተማ ማቹ ፒቹን «አገኘ» ይባላል። ይዞት የወጣው ሜልቾር አርቴአጋ የተባለ የአካባቢው ገበሬ ነው፤ ቢንግሃም የከፈለውም አንድ ሶል የፔሩ ገንዘብ ነው። ላይ ሲደርሱ ሁለት ገበሬ ቤተሰቦች የኢንካዎቹን እርከን እያረሱበት አገኙ፤ የቀረውን መንገድ ያሳየው ከነዚያ ቤት የወጣ ትንሽ ልጅ ነው። ካርታው ላይ የቀረው ግን የቢንግሃም ስም ነው። በዩታም የሆነው ይኸው ነው። ሰፋሪዎቹ «ባዶ ምድረ በዳ» ያሉት የዩት፣ የሾሾኒ፣ የጎሹት፣ የፓዩትና የናቫሆ አገር ነበር። የግዛቱ ስም ራሱ ከዩቶች የተወሰደ ነው።

ተገፉ ብቻ ብዬ አላልፍም፣ እንዴት እንደተገፉ ልዘርዝር። እርስዎ ያሞገሱት ጅረት ጠለፋና ከብት ነው መጀመሪያ የጎዳቸው። ሾሾኒዎች ከሚኖሩባቸው ነገሮች አንዱ የሣር ፍሬ ነበር፤ ሴቶቹ በቅርጫት እያራገፉ ይሰበስቡታል። የሰፋሪው ከብት ሣሩን ፍሬ ሳይዝ ይግጠዋል። ወንዙ ሲጠለፍ ዓሣውም አውሬውም ይርቃል። ሁለት ሦስት ክረምት እንዲህ ካለፈ ረሃብ ይመጣል፤ የተራበ ሰው ከብት ይወስዳል፤ ከብቱ ሲወሰድ ሚሊሻው ይወጣል። በፌብሩዋሪ 1850 ፕሮቮ ወንዝ ዳር ቲምፓኖጎሶች የተገደሉት በዚህ መንገድ ነው። ጃንዋሪ 29፣ 1863 ደግሞ በኮሎኔል ፓትሪክ ኮነር የሚመራ የአሜሪካ ጦር ቤር ወንዝ ዳር፣ ዛሬ አይዳሆ በሚባለው በኩል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰሜን ምዕራብ ሾሾኒዎችን፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ ገደለ። የኖቬምበሩ መታሰቢያ መሥሪያ ቤት የማይዘጋበት ቀን ነው። ጁላይ 24 ግን ይዘጋል። መንግሥት የማንን ታሪክ እንደሚያስቀድም ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

በዓሉ ራሱም ሁሌ የሰላም ቀን አልነበረም። ጁላይ 24፣ 1857፣ አሥረኛው ዓመት፣ 2,500 ያህል ሰው ቢግ ኮተንዉድ ካንየን አናት ላይ ለግብዣ ወጥቶ ሳለ የአሜሪካ ጦር ወደ ዩታ እየመጣ ነው የሚለው ወሬ ደረሰ። በፍርሃትና በቁጣ የሰከረው ያ ሰሞን ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ሴፕቴምበር 11፣ በማውንቴን ሜዶውስ ወደ ካሊፎርኒያ ያልፉ የነበሩ 120 ያህል መንገደኞችን በሰፋሪ ሚሊሻና ባሳተፏቸው ፓዩቶች እጅ አስፈጀ። በየዓመቱ በሚደረገው የበዓሉ ሰልፍ ላይ ይህን የሚያሳይ ተሽከርካሪ የለም። በብዛት የሚታየው ድሃ ሰፋሪዎች ጓዛቸውን ጭነው የጎተቱት የእጅ ጋሪ ነው። የእጅ ጋሪውም ቢሆን ግማሹ ታሪክ ተቆርጦ ነው የሚቀርበው።

ይቀጥል ባይ፦

የእጅ ጋሪውን እንነጋገርበት፤ እዚያ ላይ የሚወራው ብዙ ስህተት ስላለበት። ከ1856 እስከ 1860 አሥር የእጅ ጋሪ ጓዶች፣ 3,000 የሚጠጋ ሰው ተጓዘ። ለሠረገላና ለበሬ ገንዘብ ያልነበረው የእንግሊዝና የስካንዲኔቪያ ድሃ ነው። ለአንድ አዋቂ የተፈቀደው ጓዝ 17 ፓውንድ፣ ስምንት ኪሎ የማይሞላ፤ ልብስ፣ መኝታና ዕቃ ተጨምሮ ማለት ነው። አንድ ጋሪ ለአምስት ሰው፣ አንድ ድንኳን ለሃያ። የዕለት ቀለብ አንድ ፓውንድ ዱቄት። ከአሥሩ ስምንቱ እንደ ሠረገላው ጓድ ደህና ገብተዋል። አደጋው የደረሰባቸው ሁለቱ፣ በ1856 የተጓዙት የዊሊና የማርቲን ጓዶች ናቸው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ መርከባቸው ዘገየ፣ አይዋ ሲቲ ሲደርሱ ጋሪው አልተሠራም ነበር፣ እዚያ ሳምንታት ጠበቁ። በዚያው ዓመት ቀድመው የወጡት ሦስቱ ጓዶች በረዶ ሳይጥል ገብተዋል።

ሁለቱ ጓዶች ገና መንገድ ላይ ናቸው የሚለው ወሬ ሶልት ሌክ በደረሰ ጊዜ ምን ተደረገ? ኦክቶበር 5 ብሪገም ያንግ ስብከቱን ትቶ በቅሎ፣ ሠረገላ፣ ዱቄትና ጎበዝ ነጂ አምጡ አለ። በ7ኛው 16 ሠረገላና 27 ሰው ተነሳ። ሰልፉ ላይ ጋሪ የሚጎተተው ለዚህ ነው፤ ተቸግረው ለመጡትም፣ ሊያወጧቸው ለሄዱትም።

ይለወጥ ባይ፦

ያስቀሩት ነገር አለ። ጋሪዎቹ ጥድፊያ ላይ ስለነበሩ ካልደረቀ እንጨት ተሠሩ። እርጥብ እንጨት ሜዳው ላይ በደረቅ አየር ሲመታ ይኮማተራል፤ አምባሩ ከመንኮራኩሩ ይላቃል፣ ዘንጉ ይላላል። አሸዋ ከእንጨት ዘንግ ጋር ሲፋጭ እምብርቱን ይበላዋል። ቅባት ስላልነበራቸው የሚበላውን የአሳማ ስብና ሳሙና ቀቡት፤ ስቡ አሸዋ ይዞ ይበልጥ ፈጨው። በየቀኑ ጥገና፣ በየቀኑ መዘግየት። በሚዙሪ ወንዝ ዳር ባለችው ፍሎረንስ ላይ ደግሞ ቀለብ ስለሚያንስ በየጋሪው ላይ 100 ፓውንድ ዱቄት ተጫነ፤ ላልጠነከረ ዘንግ 45 ኪሎ ተጨማሪ ማለት ነው። እዚያው ሌቫይ ሳቬጅ የተባለው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ክረምቱን እዚህ እናሳልፍ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ይዘን በዚህ ወቅት አንወጣም ብሎ ተማጸነ። አልሰሙትም። በኦክቶበር በረዶው ያዛቸው፤ ከሁለቱ ጓዶች ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ለወጣቱ የሚነገረው ጽናታቸው ነው። የሌቫይ ሳቬጅ ማስጠንቀቂያ አብሮ ቢነገር ጽናታቸው አይቀንስም። ያኔ ልጆቹ ሰው እንዴት እንደታገሠ ብቻ ሳይሆን ውሳኔው የት ላይ እንደተበላሸም ያውቃሉ። ልለውጥ የምለውም ይህን ነው፤ በዓሉን ማጥፋት አይደለም።

ይቀጥል ባይ፦

እንግዲያው ወደ ተግባር እንምጣ፤ ምን ይደረግ ይላሉ? ሰልፉን የሚያዘጋጀው መንግሥት ሳይሆን የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ነው። ሕጉ የሚሰጠው ስሙንና ዕረፍቱን ብቻ ነው። የሌቫይ ሳቬጅን ማስጠንቀቂያና የሦስቱን ጥቁሮች ስም የሰልፉ መክፈቻ ላይ ማንበብ ሕግ አይጠይቅም፤ እኔም እደግፈዋለሁ። የሕጉን ስም ግን አልነካም።

ይለወጥ ባይ፦

አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የበዓሉ መክፈቻ ጁላይ 22 ይሁን፤ በካንየኑ አፍ፣ መንገዱ በተመነጠረበት። ሁለተኛ፣ በሕጉ ስም ላይ «የነባር ሕዝቦችና የቀደምት ሰፋሪዎች ቀን» ይጨመር፤ ይህም በግዛቱ ያሉት ስምንቱ በፌዴራል መንግሥት የታወቁ ጎሳዎች ሲስማሙ ብቻ፤ የማይፈልጉትን ስም ልንለጥፍባቸው አንችልም። ሦስተኛ፣ ቤር ወንዝ። የሰሜን ምዕራብ ሾሾኒዎች በ2018 የጭፍጨፋውን ቦታ ወደ 550 ኤከር የሚሆነውን ገዝተው መሬቱን እየመለሱት ነው፤ የሩስያ ወይራ የሚባለውን መጤ ዛፍ ይነቅላሉ፣ አኻያና የአገሩን ተክል ይተክላሉ። ያ ዛፍ ውሃ ጠጪ ስለሆነ ሲነሳ የሚተርፈው ውሃ ወደ ታላቁ የጨው ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቁ በኖቬምበር 2022 ተመዝግቦ ከሚታወቀው ሁሉ ዝቅ ብሎ ከባሕር ወለል በላይ 4,188.5 ጫማ ላይ ነበር። ከጁላይ 23፣ 1847 ጀምሮ የተጠለፈው ውሃ ትልቁ ምክንያት ነው። በዓሉ ሰው ወደዚያ ሥራ ይላክ። አራተኛ፣ የግለሰብ ርችት ይቅር።

ይቀጥል ባይ፦

የመጀመሪያውን ልቀበል እችላለሁ። ሁለተኛው ላይ ጎሳዎቹ ይጠየቁ ማለትዎን አከብራለሁ፤ ግን መልሳቸው እስኪመጣ ስሙ ባለበት ይቆይ። ሦስተኛው በጁላይ አይሆንም። በዚያ ሙቀት የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ይደርቃል፤ መትከያው በመኸር ማብቂያ ነው፣ መሬቱ ሲቀዘቅዝና ዝናብ ሲጠበቅ። የሩስያ ወይራም ተቆርጦ ጉቶው ወዲያው መድኃኒት ካልተቀባ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ እንጂ ሰልፍ ጨርሶ የሚመጣ ቤተሰብ ሥራ አይደለም። በበዓሉ ገንዘብ ይሰበሰብ፣ ፈቃደኛ ይመዝገብ፣ ሥራው በኖቬምበር ይሠራ።

ርችቱን ግን አልተውም። ሕጉ በዚህ በዓል ከጁላይ 22 እስከ 25፣ ከጠዋቱ 5 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በ24 እስከ እኩለ ሌሊት። ከተሞች በተራራው ግርጌ መከልከል ይችላሉ፣ ይከለክላሉም። የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ አያያዙ ነው። ባዶ አስፋልት ላይ፣ ውሃ የሞላ ባልዲና ቱቦ አጠገብ አድርጎ፣ ያልፈነዳውን 20 ደቂቃ ሳይነኩ ቆይቶ ውሃ ውስጥ አሳድሮ መጣል ነው። ትኩሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የሚወረውረው ሰው ነው ጋራዥ የሚያቃጥለው።

ይለወጥ ባይ፦

የመትከያው ወቅት ላይ ልክ ነዎት፤ ምዝገባው በጁላይ፣ ሥራው በኖቬምበር ይሁን።

ባልዲው ግን መሬት ላይ ላለው ነው። ከ2011 ጀምሮ ሕጉ እስከ 150 ጫማ፣ 45 ሜትር የሚወጣውን ፈቅዷል። ነፋስ ያለበት ምሽት ከአስፋልቱ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ የተኮሰው ሰው አያዝም። የሚያርፍበትን ሣር ደግሞ እንወቀው። ቺትግራስ የሚባለው ከባሕር ማዶ ከሰፋሪዎች በኋላ የገባ ሣር በመኸር ይበቅላል፣ በጸደይ ፍሬ ይይዛል፣ ጁን ላይ ደርቆ ገለባ ይሆናል። ከተቃጠለ በኋላም ከአገሩ ቁጥቋጦ ቀድሞ ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ አንዴ የነደደ ኮረብታ ቶሎ ቶሎ ይነዳል። ጁላይ 4 ላይ ገና ትንሽ እርጥበት የሚኖርበት ዓመት አለ፤ በ24 ግን ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ፀሐይ መትቶታል። በቸልተኝነት እሳት ያስነሳ ሰው የማጥፊያውን ወጪ ይከፍላል ይላል የግዛቱ ሕግ፤ ከማን እጅ እንደወጣ ማስረጃ በሌለበት ግን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። ከተማው በባለሙያ የሚያስተኩሰው በየመናፈሻው ይቀጥል። በየቤቱ በር ላይ የሚተኮሰው ይቅር፤ ከጠየቅኋቸው አራቱ ይህኛው ላይ አልደራደርም።